ነነዌን ያልሰማ በሬ

የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ከእኔ ተለይታ በራሷ መተዳደር ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። እኔ ስደሰት ታኮርፋለች፤ ልሂድ ስል እንቀመጥ ትላለች። እዚህ ካምፓላ፣ ናጉሩ ያለው ሐኪም አንድ ጊዜ ጫን አደረጋትና፣ ከጣሪያው ተመልሼ አልጋው ላይ ሳርፍ፣ «ሪህ ነው» አለኝ። ሪህ የሀብታም በሽታ ነው ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ዘንድ ሀብቱን ሳያስከትል ብቻውን መጣ።

ሐኪሙ ቀጥሎ የተከለከልኩትን ነገረኝ። ቀይ ሥጋ፣ ጉበት፣ ጨጓራ፣ ኩላሊት። ሰውየው በሕይወቱ ዱለት አይቶ አያውቅም፤ ግን ሳያውቀው ከነአሠራሩ ዘረዘረው። «ታዲያ ምን ልብላ?» ብዬ ስጠይቀው «ማቶኬ» አለኝ። ማቶኬ ለማታውቁት፣ ያልበሰለ ሙዝ ተልጦ፣ በቅጠሉ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል የዚህ አገር ዋና ምግብ ነው። ምንም ክፉ ነገር የለበትም። ሌላም ነገር የለበትም።

ባለቤቴ ሰናይት አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ሰናይት የሰማችውን አትረሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር የእኔ ሥራ ጥሬ ሥጋ ለሚቆርጡ እንግዶች ቢላዋ ማቀበል ሆነ።

ተስፋ ያመጣልኝ ሰሎሞን ነው። ሰሎሞን በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የውሃ ቧንቧ መሐንዲስ ነው፤ ስለ ቧንቧ ሲያወራ ግን ሰምቼው አላውቅም። ወረርሽኙ ሁላችንንም ቤት የዘጋብን ጊዜ ሌላው ሰው ድራማ ሲያይ እሱ ስለ ምግብ ሲያነብ ከረመ። በሩ ሲከፈት ኦርጋኒክ ሆኖ ወጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙንዮንዮ ገበያ ድረስ እየሄደ «ኦርጋኒክ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ጎመን ይገዛል። እኔ ከሠፈሬ ከኪዋቱሌ የምገዛውን ጎመን «መርዝ» ነው የሚለው።

«አንተን የሚያምህ ሥጋው አይደለም» አለኝ አንድ ቀን። «በሥጋው ውስጥ ያለው ኬሚካል ነው። መርፌው ነው፣ የፋብሪካ መኖው ነው። አያቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ጥሬ ሥጋ ሲበሉ ሪህ የሚባል ነገር ያውቁ ነበር?»

አያቴ በከዘራ ነበር የሚሄደው። ይህን ግን ማንሳት አልፈለግኩም። ሰው የሚወደውን ሲነግሩት ምስክር አይጠራም።

«ሣር ብቻ የበላ በሬ ሥጋው መድኃኒት ነው» ብሎ ደመደመ። መድኃኒት እንዳልወስድ ደግሞ ሐኪሙ አልከለከለኝም።

እንዲህ እንዲህ እያልን የዚያ ዓመት የፋሲካ ቅርጫችን ኦርጋኒክ እንዲሆን ተወሰነ። ቅርጫው የአሥር ቤት ነው፤ ሐበሻ እስከሆነና እስከጾመ ድረስ ኢትዮጵያዊ ኤርትራዊ አንባባልም። ጭቅጭቁ ከሰናይት ጋር ነበር። ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ፍርዷን ሰጠች።

«በሬው እዚህ ግቢ ይቀመጥ» አለች። «ሰሙነ ሕማማትን በዓይኔ ያየሁትን ሣር ብቻ እየበላ ይጨርስ። እንዲያ ከሆነ ትበላለህ። ሌላ ነገር ከቀመሰ ግን ያንተ ፋሲካ ማቶኬ ነው።»

በሬውን ለመጠበቅ ግቢ ያለው ሰው ሲፈለግም «በእኔ ይሁንባችሁ» አልኩ። ይህ ቃል ሲወጣ ምንም ድምፅ የለውም። ተመልሶ ሲመጣ ነው ቀንድ የሚያወጣው።

በሬውን ያገኘው ሰሎሞን ነው። ሻጩ በስልክ ቪዲዮ አረንጓዴ መስክ አሳይቶታል፤ መስኩ ላይ አንድ በሬ አለ። «ኦርጋኒክ ነው፣ ቦስ። ከተወለደ ጀምሮ ሣር ብቻ ነው» ብሎታል። ወረቀትም አለው፤ ወረቀቱ ላይ ማኅተም አለ፤ ማኅተሙ ላይ የላም ሥዕል አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል።

በሆሳዕና ማግስት ማለዳ መጣ። የዚህ አገር በሬ ቀንድ እንደ እኛ አገሩ አይደለም፤ ሁለቱ ቀንዶች ተጣልተው አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ የሄዱ ነው የሚመስለው። በራችን ላይ ሲደርስ ቆመ። አንዱን ተካፋች ከፈትን፤ አልበቃውም። ሁለቱንም ከፈትን፤ አሁንም ቀንዱ ይተርፋል። ሰሎሞን ስልኩን አውጥቶ ማስላት ጀመረ። የቅርጫችን አራጅ ጋሽ ተስፋይ አስመራ ተወልደው እዚህ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ዝም ብለው የበሬውን ጆሮ ያዙ፣ አንገቱን ወደ ጎን አዘነበሉ፣ አስገቡት።

«ኣንታ መሐንዲስ፣ ሶፋ አስገብተህ አታውቅም?» አሉት።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። በሬው በሩ ላይ ከመድረሱ በፊት የመንገዳችን ማዕዘን ላይ ካለው የቆሻሻ ክምር አጠገብ ቆሞ አልንቀሳቀስም ብሎ ነበር። ሰሎሞን «ሽታው አስጠልቶት ነው፤ ንጹሕ ከብት ቆሻሻ አይወድም» አለ። እኔ ምላሱን ሲያወጣ ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ ግን አንድ መሐንዲስ እያለ እንደ እኔ ያለ የጭነት ወኪል ቢሮ ጸሐፊ ስለ ከብት ምን ይናገራል።

በዚያው ሰኞ የመንገድ ዳር ሣር አጭጄ አመጣሁ። ሰናይት «የመኪና ጭስ ያለበት ነው» ብላ መለሰችው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሥራ በፊት ረግረጉ ድረስ በቦዳ፣ በሞተር ታክሲ፣ እየሄድኩ አጭዳለሁ። ስመለስ ሾፌሩ ከፊት፣ የሣር ጆንያው ከመሐል፣ እኔ ከኋላ ነን። ከሦስታችን የተመቸው ጆንያው ነው።

«ላምህ ስንት ሊትር ትሰጣለች፣ ቦስ?» አለኝ ማክሰኞ ዕለት ባለቦዳው።

«በሬ ነው።»

አንድ ጉድጓድ ዞሮ አለፈ። «ታዲያ ምን ይሰጥሃል?»

«ጤና» አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም።

ረቡዕ ነገሩ ወደ ውሃ ተሸጋገረ። ሰናይት የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት አለች። ስለዚህ እያፈላን፣ እያቀዘቀዝን፣ በባልዲ እናቀርብለት ጀመር። በሬ በቀን ስንት ባልዲ እንደሚጠጣ የማያውቅ ሰው ደስተኛ ሰው ነው። ጋዙ አለቀ። ለራሳችን ሻይ አጣን። ከቁጥቋጦው አጥር ማዶ ጎመን የምታመርተው ጎረቤታችን ማማ ናካቶ ጠዋት ጠዋት እበቱን ለማሳዋ ልትወስድ ትመጣለች፤ እንፋሎት የሚወጣውን ባልዲ አየችና ቆመች።

«ለእሱ ነው የምታፈላው፣ ሰቦ?» አለችኝ፤ «ጌታዬ» ማለቷ ነው።

«ለእሱ ነው።»

«ስኳር ይወዳል?» አለች፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

ከበሬው ጋር እንዲህ ፊት ለፊት እየተያየን ከረምን። እሱ ሣር ይበላል፣ እኔ ጎመን እበላለሁ፤ ሁለታችንም የምንጠብቀው እሑድን ነው። በእርግጥ የእሑድ ነገር ለእሱ አልተነገረውም።

ዓርብ ስቅለት ሆነ። የሐሙሱ ሣር ተርፎ ነበር፤ ሰናይት ነካ አድርጋ አየችውና «ጠውልጓል፤ ሊሻግት ነው» ብላ ጣለችው። ረግረጉ ድረስ ልሂድ ብል ስግደቱ ያመልጠናል። ያን ጊዜ ነው፣ ከማንም ሳልማከር፣ ከራሴ አንደበት፣ ያን ነገር የተናገርኩት።

«ዛሬ እኛስ እስከ ማታ መቼ እንቀምሳለን» አልኳት። «እሱም ይጹም። በነነዌ ጊዜ ከብቱም ጾሟል።»

ሰናይት አሰበች። መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው። «ውሃስ?»

«ውሃም አልጠጡም» አልኩ። እንዲህ ይላል፤ ከፈለጋችሁ እዩት።

ገመዱን አጠበቅኩና ነጠላችንን ለብሰን ሄድን። በሬው ከኋላችን ረጅም ድምፅ አሰማ። የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም፤ የነነዌ ሰው ግን አልነበረም።

ሆድን በጎመን ቢደልሉት ጉልበት በዳገት ይለግማል ይላሉ። የእኔስ ለዳገትም አላደረሰው፤ በሜዳ ስግደት ነው የለገመው። ቀኑ ሲያልቅ ምእመኑ ኃጢአቱን ለቄሱ ተናግሮ በወይራ ቅጠል ጥብጣቤ ሊቀበል ተሰለፈ። ሰናይት ተሰለፈች። እኔ ጣቴን አሳብቤ ቦዳ ጠራሁ። ያን ሰልፍ ባልሸሽ ኖሮ ይህ ሁሉ ምናልባት በሁለት መታ መታ ያልቅልኝ ነበር።

በሩን ስከፍት ገመዱ ብቻ ችካሉ ላይ ተንጠልጥሏል። የቁጥቋጦው አጥር ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለ፤ ከታች የበሬ ልክ፣ ከላይ የቀንድ ልክ። ማዶ ሄዶ፣ የሚበላውን በልቶ፣ ተመልሶ ደግሞ ልብስ ማድረቂያችን ሥር ቆሟል። አንደኛው ቀንዱ ላይ የትራስ ልብስ አለ። ከአፉ ጥግ ቀይና አረንጓዴ ነገር ወጥቶ ይንጠለጠላል።

የሰናይት ማስክ ነው። ለፋሲካ ቀሚሷ ጥለት እንዲሄድላት ኪዋቱሌ ያለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ያሰፋችው፣ ሐሙስ አጥባ ያሰጣችው። ዘልዬ የጆሮውን ላስቲክ ያዝኩ። እኔ ሳብኩ፣ እሱ ሳበ። ላስቲኩ ተለጠጠ፣ ተለጠጠ፣ ከእጄ አመለጠና አፉ ውስጥ ገባ። በሬው ዋጠ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣና እግሬ ላይ ቆመ። የትኛዋ ጣት ላይ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ጩኸቴን ሰምታ ማማ ናካቶ በቀዳዳው መጣች። «ጎመኔን በላብኝ» አለች።

ማስኩ አንድ ነገር ነው፤ ይህቺ ሴት ግን ጠዋት ጠዋት የፀረ ተባይ መርጫ ተሸክማ ማሳዋ ውስጥ ስትዞር አይቻታለሁ። አሥር ቤተሰብ ሥጋውን በጥሬው ሊበላ ነው። እያነከስኩ ተከተልኳት። መሬቷ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። የፊተኛው ሰፊ ነው፤ ጎመኑ ያብረቀርቃል፣ አንድ ቅጠል እንኳ አልተነካም። ከጓሮ በኩል ያለችው ትንሿ መደብ ግን ከአንድ ጥግ በቀር እስከ ሥሯ ተግጣለች።

«ይህን ለምን ተወው?» አልኳት የሚያብረቀርቀውን እያሳየሁ።

«ሽቶት አለፈ። ይሄ የምረጨው ነው። ለሙንዮንዮ የሚሄደው።»

«ሙንዮንዮ? የኦርጋኒኩ ገበያ?»

«አዎ። ትል የበሳው ቅጠል ካዩ አይገዙም፤ ‹ይሄማ ኦርጋኒክ አይደለም› ይሉኛል» አለች። «በሬህ የበላው የእኔንና የልጆቼን ነው። እኛ የምንበላውን አልረጭም።»

ሰሎሞን ፊቴ ላይ መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማውን አቋርጦ ሄዶ፣ የጎረቤቴን ጎመን ገዝቶ፣ ለእኔ ስለ መርዝ እየሰበከ ይመለሳል። በሬው ያለ ወረቀት፣ ያለ ማኅተም፣ በአፍንጫው ብቻ ለየው።

መርዙስ ቀረልኝ። የቀረው ማስኩ ነው። ማማ ናካቶን ለሚስቴ እንዳትነግርብኝ ለመንኳት፤ «በሬው የናንተ፣ ሚስቲቱ ያንተ፣ እኔ ምን አገባኝ» አለችና ቅርንጫፍ እያቀበለች አጥሩን አብራኝ ደፈነች። ሰናይት ስትመጣ በሬው ታስሯል፣ እኔ ደግሞ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ መዝሙር አዳምጣለሁ።

ቅዳሜ ማስኩ ተፈለገ። እኔም ፈለግኩ። ቁምሳጥን ውስጥ ፈለግኩ፣ ሶፋ ሥር ፈለግኩ፣ በዚያ እግሬ ተንበርክኬ አልጋ ሥር ገባሁ።

«ንፋስ ወስዶት ይሆናል» አልኩ ከአልጋው ሥር።

«የካምፓላ ንፋስ መቆንጠጫውን ገመዱ ላይ ትቶ ማስኩን ብቻ ይወስዳል?» አለች። እጇ ላይ የልብስ መቆንጠጫው አለ። ትንሽ ቆይታ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብላ ሄደች። ለማን እንዳለችው አልጠየቅኩም።

የፋሲካ ለት ጠዋት አሥሩም ቤት ግቢያችን ተሰበሰበ። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው ቢላዋ ሲሳል ሲሰማ ፊቱ ላይ የሚታየውን ታውቁታላችሁ። ጋሽ ተስፋይ በስመ አብ ብለው ሥራቸውን ጨረሱ። ቆዳው ተገፈፈ፣ ሥጋው ቀላ፣ ሰሎሞን «ቀለሙን እዩት፤ ይሄ ነው ኦርጋኒክ ማለት» እያለ ፎቶ አነሳ። ሰናይት እንኳ ፈገግ ብላ አየችኝ። ድል ከአፌ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ነበር።

ጋሽ ተስፋይ ለዱለቱ ጨጓራውን ከፈቱ። እጃቸውን አስገቡ። ያወጡት ጥቁር ፌስታል ነው።

እንደገና አስገቡ። ሰማያዊ ፌስታል። ቀጥሎ ሁለት ጥቁር፤ ቀጥሎ የበቆሎ ዱቄት ከረጢት፣ ጽሑፉ ሳይለቅ። ማማ ናካቶ የደፈንነውን የአጥር ቀዳዳ ገለጥ አድርጋ አንገቷን አስግጋ ፌስታሉን በአገሯ ቋንቋ «ካቬራ» አለች፤ «ይሄ የከተማ በሬ ነው። ቆሻሻ ላይ ነው ያደገው።» ጋሽ ተስፋይ እያወጡ ሣሩ ላይ ይደረድራሉ። ወጥቶ አላለቀም።

አሥር ቤተሰብ ወደ እኔ ዞረ። ጠባቂው እኔ ነኝ። በእኔ ይሁንባችሁ ያልኩት እኔ ነኝ።

«አንተ ነህ ይሄን ያበላኸው?» አለ ሰሎሞን።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። «ፌስታሉ የእኔ አይደለም» አልኩ በንዴት። «ከእኔ ዘንድ የበላው ማስኩን ብቻ ነው።»

ጋሽ ተስፋይ እጃቸው በሬው ሆድ ውስጥ እንዳለ ቀና ብለው አዩኝ። «የምን ማስክ?» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ፤ አንድ ነገር ነክተዋል። ቀስ ብለው አወጡት። ቀይና አረንጓዴ፣ ከነላስቲኩ።

«አልጋ ሥር የፈለግከው ይሄንን ነው?» አለች ሰናይት።

ሁሉንም ተናዘዝኩ። ነነዌን፣ ገመዱን፣ ጎመኑን። ከጥብጣቤ የሸሸ ሰው በአደባባይ ይናዘዛል።

አሁን ሰዉ ምን ይላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ሥጋው ይጣል የሚል ሰው ጠፋ። ጋሽ ተስፋይ ጨጓራውን እያዘኑ ወደ ጎን አደረጉትና «ፌስታል ሥጋ አይሆንም» አሉ፤ «ቢሆን ኖሮ ይሄ በሬ አውቶቡስ ያህል ነበር።» ሰሎሞን ረጅም ጊዜ አሰበ። «ሆዱ ኦርጋኒክ አይደለም» አለ በመጨረሻ፤ «ሥጋው ግን ነው።» አሥር ቤት በአንድ ድምፅ ተስማማ። እኔም አብሬ ራሴን ስነቀንቅ ሰናይት አየችኝና ተውኩት።

ሥጋው አሥር መደብ ሆኖ ተደለደለ። ለእጣ እያንዳንዱ ቤት አንድ ነገር ሰጠ፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የእስክሪብቶ ክዳን፣ አንዱ ቅጠል። ሰናይት የልብስ መቆንጠጫውን ሰጠች። የትኛው የማን ቤት እንደሆነ የማታውቀው ማማ ናካቶ ተጠርታ እየዞረች ጣለች። መቆንጠጫው ሻኛው ያለበት መደብ ላይ አረፈ። ከአሥሩ ሁሉ ያማረው መደብ ነው። ሰዎች እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ።

ሰናይት መደባችንን በትልቅ ሳህን ሰበሰበችና በቀዳዳው አሻግራ ወደ ግቢዋ ለተመለሰችው ማማ ናካቶ ሰጠቻት፤ ስለ ጎመኑ። ማማ ናካቶ እንደ አገሯ ወግ ተንበርክካ በሁለት እጇ ተቀበለች። ከዚያ ሻኛውን ከሌላው ሥጋ ጋር ድስት ውስጥ ጨምራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀቀለችው። ሽታው በቀዳዳው ይመጣ ነበር። በዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው።

ከሰዓት ማማ ናካቶ በቅጠል የተጠቀለለ ማቶኬና ከዚያች ጥግ የተረፋትን ትል የበሳው ጎመን ይዛ መጣች። ሰዉ ይቆርጣል፤ እኔ ቢላዋ አቀብላለሁ። ሰናይት ጠራችኝ። እንጀራ ቆርሳ ማቶኬውን ጠቀለለች፣ ሚጥሚጣ ነካ አደረገችበት፣ እጇን ዘረጋች። አሥር ቤተሰብ ያያል። ጉርሻ ደግሞ እምቢ አይባልም።

«ይሄን በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለች። «ሲላጥም፣ ሲበስልም።»

ጎረስኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውን ጠቀለለች። ያን ጊዜ ፊቷን አየሁት፤ እየቀለደች አልነበረም።

«አምና ሽንት ቤት ድረስ ደግፌ የወሰድኩህ እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ። «አንተ ስታለቅስ እንዳላየሁ ሆኛለሁ። ደግሜ ማየት አልፈልግም።»

አፌ ሙሉ ነበር። አፈርኩ። ደስም አለኝ። ሁለተኛውንም ጎረስኩ፣ ሦስተኛውንም። ጣቴ በዚያ ፋሲካ ከእኔ ጋር አላኮረፈችም፤ ሰናይት ልክ ነበረች። ሻኛው ግን እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።